እስትንፋስን የማዳን ጥበብ ታሪክ

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ሰው ምግብ ቢያጣ ለብዙ ቀናት፣ ውሃ ቢያጣ ለጥቂት ቀናት በሕይወት ሊሰነብት ይችላል። እስትንፋሱ ከተቋረጠ ግን የቀረው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። አንጎል ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ያህል ኦክሲጅን ካላገኘ መጎዳት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ልብ ተመልሶ ቢመታ እንኳ ሰውየው እንደ ቀድሞው ላይሆን ይችላል። የቀድሞ ሰዎች ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር። እስትንፋስ፣ ነፍስ፣ ነፋስ፣ መንፈስ የተባሉት ቃላት በቋንቋችን ከአንድ ሥር መብቀላቸው እንዲያው በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ የሚተነፍስ ሁሉ ነፍስ ያለው፣ ትንፋሹ የወጣ ሁሉ ነፍሱ የወጣ ነው ብለው ስላሰቡ ነው።

በዛሬው ንግግራችን ሰው የሌላውን ሰው እስትንፋስ ከመቋረጥ ለማዳን፣ የተቋረጠውንም ለመመለስ በምን መንገድ እንደ ተማረ እንመለከታለን። ይህ ታሪክ ከሩቅ ሲያዩት ስለ ቧንቧና ስለ ወናፍ ብቻ የሚናገር ይመስላል። ቀርበው ሲመረምሩት ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ ሆኖ ይገኛል፤ ይኸውም ይህ ጥበብ በማን እጅ ይቀመጥ? የሚለው ነው። በንግግራችን ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ታሪኩን ከመጀመራችን በፊት የነገሩን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ራሱን የሳተ ሰው በጀርባው በተኛ ጊዜ የመንጋጋውና የአንገቱ ጡንቻዎች ይላላሉ፤ ምላሱም ወደ ኋላ ተንሸራቶ ከጉሮሮው ግድግዳ ጋር ይገጥማል። ያን ጊዜ አየር የሚገባበት መንገድ ይዘጋል። ሰውየው ለመተንፈስ ቢታገልም፣ በአጠገቡ ያሉት ሰዎች ደረቱን ቢጫኑም፣ መንገዱ እስካልተከፈተ ድረስ አየር አይገባም። ስለዚህ እስትንፋስን የሚያድን ሰው ሁለት ሥራ አለበት፤ አንደኛው መንገዱን መክፈት፣ ሁለተኛው አየሩን ማስገባት ነው። ከዚህ በኋላ የምንናገረው ታሪክ ሁሉ ሰዎች ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ይዘው ሁለተኛውን የረሱበት ታሪክ ነው ለማለት ይቻላል።

ትንፋሽን ከአፍ ወደ አፍ ማስተላለፍ በጣም ጥንታዊ ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ነቢዩ ኤልሳዕ የሱነማዪቱን ሴት ወንድ ልጅ ሲያስነሣ አፉን በአፉ ላይ ማድረጉ የተጻፈ ሲሆን፣ የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎችም ይህን ዘወትር ይጠቅሱታል። አዋላጆችም ሳያለቅስ የተወለደውን ሕፃን እፍ እያሉ ማንቃታቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በነበሩ የሐኪሞች መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። ነገር ግን ይህ በልማድ የሚሠራ እንጂ ምክንያቱ የተመረመረ ነገር አልነበረም።

ምክንያቱን ለመመርመር ከተነሡት ሰዎች አንዱ ቬሳሊየስ የተባለው የሰውነት አካል ሊቅ ነው። ይህ ሰው በ1543 ዓ.ም. ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ ውስጥ የሚከተለውን ሙከራ ገለጸ። ደረቱ የተከፈተ እንስሳ ሳምባው ስለሚሟሽሽ ወደ ሞት ይቀርባል። በአየር ቧንቧው ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ ሸምበቆ ቢገባበትና በሸምበቆው ቢነፋ ግን ሳምባው እንደገና ይነሣል፤ የልቡም ምት ይበረታል። ከ124 ዓመታት በኋላ ደግሞ በ1667 ዓ.ም. ሮበርት ሁክ በለንደን በሊቃውንት ማኅበር ፊት የአንድ ውሻ ሳምባ በወናፍ ሳያቋርጥ ንጹሕ አየር እንዲያገኝ በማድረግ እንስሳውን ለረጅም ሰዓት በሕይወት አቆየው። በዚህም ሙከራ ሕይወትን የሚያቆየው የደረት መነሣትና መውደቅ ሳይሆን ወደ ሳምባ የሚገባው አየር መሆኑ ተረጋገጠ። ብረት ቀጥቃጩ እሳቱ እንዳይጠፋ የሚጠቀምበት ወናፍ፣ የሕይወትም እሳት እንዳይጠፋ ሊያገለግል ቻለ።

ይህ ሁሉ በእንስሳት ላይ የተደረገ ነበር። በሰው ላይ የተደረገውና በሐኪም እጅ በጥንቃቄ ተጽፎ የተላለፈልን ታሪክ የመጣው ከስኮትላንድ ነው። በ1732 ዓ.ም. አሎዋ በተባለች ከተማ አጠገብ በነበረ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ አንድ ሠራተኛ በጢስ ታፍኖ ወደቀ። ሰዎች ጎትተው ባወጡት ጊዜ አይተነፍስም፤ የልቡም ምት አይሰማም ነበር። ዊልያም ቶሳክ የተባለው ቀዶ ሐኪም አፉን በሰውየው አፍ ላይ ገጥሞ በኃይል ነፋ። አየሩ በአፍንጫ ተመልሶ መውጣቱን በተመለከተ ጊዜ አፍንጫውን ይዞ እንደገና ነፋ፤ ደረቱም ከፍ አለ። ወዲያው የልቡ ምት ተሰማ። ሠራተኛው በዚያው ዕለት በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ወደ ሥራው ተመለሰ።

ቶሳክ ይህን ታሪክ በ1744 ዓ.ም. አሳተመው። በሚከተለው ዓመት ጆን ፎዘርጊል የተባለ የለንደን ሐኪም ጽሑፉን ለሊቃውንት ማኅበር አቀረበና አንድ ብልህ አስተያየት ጨመረበት። ይኸውም፤ ወናፍ በአጠገብ ላይገኝ ይችላል፣ የሰው አፍ ግን ሁልጊዜ አለ፤ የወናፍ ኃይል ልክ የለውም፣ የአንዱ ሰው ሳምባ የሚሰጠውን ኃይል ግን የሌላው ሰው ሳምባ ያለ ጉዳት ሊቀበለው ይችላል የሚል ነበር። የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚም ከዚያ አስቀድሞ በ1740 ዓ.ም. ውሃ ለበላው ሰው ከአፍ ወደ አፍ መንፋት እንደሚገባ መክሮ ነበር።

እንግዲህ አድማጮቻችን ልብ ይበሉ፤ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ጥበቡ ተገኝቷል፣ ተጽፏል፣ ታትሟል። በ1767 ዓ.ም. በአምስተርዳም፣ በ1774 ዓ.ም. ደግሞ በለንደን በውሃ የሰመጡ ሰዎችን የሚያድኑ ማኅበሮች ተቋቋሙ። ማኅበሮቹ በወንዝና በቦይ ዳር ለሚኖሩ ሰዎች ምክር አደሉ፤ ሰው ላዳነም ሽልማት ሰጡ። ነገር ግን በምክራቸው ውስጥ ጥሩውና መጥፎው አብሮ ተቀላቅሎ ነበር። የሰመጠውን ሰው በበርሜል ላይ ማንከባለል፣ በሚሮጥ ፈረስ ላይ አስተኝቶ መውሰድ፣ ይልቁንም የትምባሆ ጢስ በፊንጢጣው በኩል በወናፍ ማስገባት እንደ እውነተኛ ሕክምና ይቆጠር ነበር። ስንዴውና እንክርዳዱ በአንድ ማሳ ላይ በቀሉ።

ከዚያ በኋላ ጥበቡ መጥፋት ጀመረ፤ ለመጥፋቱም ምክንያቶች ነበሩት። የመጀመሪያው ራሱ ከእውቀት መጨመር የመጣ ነው። ኦክሲጅን በ1770ዎቹ ዓመታት በታወቀ ጊዜ ሊቃውንቱ አንድ ሰው የተነፈሰው አየር ኦክሲጅኑ የተቀነሰበት፣ የተቃጠለ አየር የተጨመረበት መሆኑን ተረዱ። ስለዚህ የተተነፈሰ አየር ለታፈነ ሰው አይጠቅምም ብለው ፈረዱ። ፍርዳቸው ግን የተሳሳተ ነበር። በዙሪያችን ያለው አየር ከመቶ 21 እጁ ኦክሲጅን ሲሆን፣ ከአፋችን በሚወጣው ትንፋሽ ውስጥ ከመቶ 16 ወይም 17 እጅ ያህሉ ይቀራል፤ ይህም ሰውን በሕይወት ለማቆየት ይበቃል። ሁለተኛው ምክንያት አፍን በማያውቁት ሰው አፍ ላይ ማድረግ የሚያስጸይፍና ነውር መስሎ መታየቱ ነው። ሦስተኛው ደግሞ በወናፍ ላይ የደረሰ ነው። በ1820ዎቹ መጨረሻ ሌሮይ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በወናፍ አብዝቶ መንፋት የእንስሳትን ሳምባ ቀድዶ ሊገድል እንደሚችል አሳየ። ፎዘርጊል አስቀድሞ የፈራው ነገር ደረሰ፤ ወናፉም ተጣለ። ሕዝቡም ከአፍም ከወናፍም ሳይሆን ቀረ።

በእነዚህ ፋንታ የመጣው ሰውነትን በመጫንና በማንቀሳቀስ ማስተንፈስ ነበር። በ1856 ዓ.ም. ማርሻል ሆል የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በጀርባው የተኛ ሰው ምላሱ ወደ ኋላ እንደሚወድቅበት በትክክል ተመለከተና ሰውየውን ወደ ጎን እያገላበጡ ማስተንፈስን አስተማረ። በ1858 ዓ.ም. ሲልቬስተር ሰውየውን በጀርባው አስተኝቶ ክንዶቹን ወደ ላይ መሳብን፣ በ1903 ዓ.ም. ሼፈር በሆዱ አስተኝቶ ጀርባውን መጫንን፣ በ1932 ዓ.ም. ደግሞ የዴንማርኩ ሆልገር ኒልሰን ጀርባን መጫንና ክንድን ማንሣትን አከታትለው አቀረቡ። እነዚህ ዘዴዎች በየትምህርት ቤቱ፣ በየጦር ሠራዊቱና በየቀይ መስቀሉ ተሠራጩ። ለመቶ ዓመት ያህል በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተማሯቸው። ሆኖም ሁሉም አንድ ጉድለት ነበራቸው፤ ደረትን ለማንቀሳቀስ ሲደክሙ ጉሮሮ ክፍት መሆኑን የሚያረጋግጡበት መንገድ አልነበራቸውም።

በዚያው ዘመን በሆስፒታል ግድግዳ ውስጥ ሌላ ጥበብ ታድግ ነበር። ሄይበርግ የተባለ የኖርዌይ ሐኪም በ1874 ዓ.ም. መንጋጋን ወደ ፊት በመግፋት የተዘጋውን መንገድ መክፈት እንደሚቻል ጻፈ። በ1878 ዓ.ም. የግላስጎው ቀዶ ሐኪም ማክዩን ጉሮሮ ሳይቀድድ በጣቱ እየዳሰሰ በአፍ በኩል እስከ አየር ቧንቧ የሚደርስ ቱቦ አስገባ። በ1880ዎቹ ዓመታት ኦድዋየር የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም በዲፍቴሪያ ጉሮሯቸው የታነቀ ሕፃናትን በትንንሽ ቱቦዎች አዳነ። በ1895 ዓ.ም. ጀርመናዊው ኪርስታይን ማንቁርትን በዐይን ለማየት የሚያስችል መሣሪያ ሠራ፤ በ1943 ዓ.ም. የኦክስፎርዱ ማኪንቶሽ ያወጣው ጥምዝ ምላስ ያለው መሣሪያም እስከ ዛሬ በሐኪሞች እጅ ይገኛል። ነገር ግን ይህ ሁሉ በቀዶ ሕክምና ክፍል በር ላይ ይቆም ነበር። በመንገድ ላይ ለወደቀው ሰው ቀርቦለት የነበረው የጀርባ መጫን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዴንማርክ ዋና ከተማ ወደ ኮፐንሃገን እንሻገር። በ1952 ዓ.ም. በበጋ በዚያች ከተማ የልጅነት ልምሻ፣ ማለት ፖሊዮ፣ ክፉ ወረርሽኝ ሆኖ ተነሣ። በሽታው በብዙዎቹ ሕሙማን ላይ የመተንፈሻንና የመዋጥን ጡንቻዎች ሽባ አደረገ። ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ በአሜሪካ ከአንገት በታች ያለውን ሰውነት በብረት ሣጥን ውስጥ ከትቶ የሚያስተነፍስ፣ የብረት ሳምባ የተባለ መሣሪያ ተሠርቶ ነበር። ብሌግዳም የተባለው የተላላፊ በሽታ ሆስፒታል ግን የነበረው አንድ የብረት ሳምባና በደረት ላይ የሚታሰሩ ስድስት መሣሪያዎች ብቻ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት መተንፈስ አቅቷቸው በእነዚህ መሣሪያዎች ከታከሙት 31 ሕሙማን 27ቱ ሞቱ።

የሆስፒታሉ አለቃ ዶክተር ላሰን በጨነቀው ጊዜ ቢዮርን ኢብሰን የተባለ የሰመመን ሐኪም አስጠራ። ዶክተር ኢብሰን የሞቱትን ሰዎች ታሪክ መረመረ። ሌሎቹ ሐኪሞች በደም ውስጥ የታየውን ለውጥ እንደ ሌላ ምሥጢራዊ በሽታ ቆጥረውት ነበር፤ እርሱ ግን ነገሩ ሌላ አይደለም፣ ሕሙማኑ በሚገባ ስላልተነፈሱ የተቃጠለው አየር በደማቸው ውስጥ ስለ ተከማቸ ነው አለ። ነሐሴ 27 ቀን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በሞት አፋፍ ላይ የነበረች የ12 ዓመት ልጅ ቀረበችለት። ጉሮሮዋ በታች በኩል ተከፍቶ ቱቦ ገባ፤ ከቱቦውም ጋር የላስቲክ ከረጢት ተያይዞ በእጅ እየተጨመቀ ኦክሲጅን ወደ ሳምባዋ ተላከ። ልጅቱም ዳነች።

አሁን ግን አዲስ ችግር መጣ። ከረጢቱን ለአንድ ሕመምተኛ ሌሊትና ቀን የሚጨምቅ ማን ነው? ሕመምተኛው አንድ አልነበረም፤ ወረርሽኙ በጸናበት ጊዜ እስከ 70 የሚደርሱ ሕሙማን በአንድ ጊዜ በእጅ እስትንፋስ ይጠብቁ ነበር። ሆስፒታሉ የከተማውን የሕክምናና የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ጠራ። ተማሪዎቹ በየተራ እየገቡ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው ከረጢቱን በእጃቸው ይጨምቁ ጀመር፤ እስከ ወረርሽኙ መጨረሻ ድረስ ያገለገሉትም ወደ 1,500 ገደማ ነበሩ። አብዛኞቹ ሕሙማን ልጆች ስለ ነበሩ ተማሪው አንዳንዴ በአንድ እጁ ከረጢቱን እየጨመቀ በሌላው መጽሐፍ ያነብላቸው ነበር። አንዳንዶቹም ለሳምንታት እስትንፋሷን የሰጧት ልጅ በመጨረሻ ስትሞት በዐይናቸው አዩ። ሆኖም ከመቶ 87 ያህል የነበረው ሞት ወደ መቶ 40 ወረደ፤ እየቆየም ከዚያ በታች ሆነ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው፣ የብረት መሣሪያ ያላዳነውን የተባበረ የሰው እጅ አዳነው። በዓለም የመጀመሪያው የጽኑ ሕሙማን ክፍል በሚቀጥለው ዓመት በዚያችው ከተማ በዶክተር ኢብሰን መሪነት የተከፈተው በዚህ ምክንያት ነው። በ1956 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው አገር ተጨምቆ ሲለቀቅ በራሱ የሚነፋ፣ የኦክሲጅን ጠርሙስ ባይኖር እንኳ በተራ አየር የሚሠራ ከረጢት ተፈለሰፈ። ይኸውም ዛሬ በየአምቡላንሱና በየጤና ጣቢያው የምናየው አምቡ የተባለው ከረጢት ነው።

በአሜሪካም በዚያው ጊዜ የጠፋው የአፍ ጥበብ ይመለስ ጀመር። ጀምስ ኤላም የተባለ ሐኪም በፖሊዮ ሽባ የሆኑትን ሕሙማን በትንፋሹ ካስተነፈሰ በኋላ፣ የተተነፈሰ አየር የሰውን ደም በቂ ኦክሲጅን እንደሚሰጥ በ1954 ዓ.ም. በልኬት አረጋግጦ አሳተመ። የሁለት መቶ ዓመቱ የተሳሳተ ፍርድ በዚህ ተሻረ። በ1956 ዓ.ም. ዶክተር ኤላም ከአንድ የሐኪሞች ስብሰባ ሲመለስ በቪየና ተወልዶ ወደ አሜሪካ ከተሰደደ ፒተር ሳፋር ከተባለ ሐኪም ጋር በአንድ መኪና ተጓዘ። በመንገድም ስለዚህ ነገር ተነጋገሩ።

ዶክተር ሳፋር ወደ ባልቲሞር እንደ ተመለሰ ድፍረት የሚጠይቅ ሙከራ ጀመረ። ሐኪሞች፣ ነርሶችና የሕክምና ተማሪዎች በፈቃዳቸው መድኃኒት ተወግተው እንዲተኙና ጡንቻቸው ለጊዜው እንዳይሠራ ተደረገ። ከዚያ በኋላ የሕክምና ትምህርት የሌላቸው ተራ ሰዎች በየዘዴው እንዲያስተነፍሷቸው ታዘዙ። ጀርባን በመጫን የተሠራው ሁሉ በቂ አየር አላስገባም፤ ጉሮሮው ተዘግቶ ነበርና። ራስን ወደ ኋላ አዘንብሎ አገጭን ወደ ላይ በማንሣት መንገዱን ከፍቶ በአፍ መንፋት ግን ተራው ሰው እንኳ በጥቂት ትምህርት የሚሳካለት ሆነ። ውጤቱ በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ለመቶ ዓመት ሲሰበክ የነበረው ዘዴም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከትምህርት መጻሕፍት ወጣ። በ1960 ዓ.ም. የጆንስ ሆፕኪንስ ሊቃውንት ደረትን በመጫን የቆመ ልብ ደም እንዲያሠራጭ ማድረግ እንደሚቻል ሲያሳዩ፣ ሁለቱ ጥበቦች ተጋብተው ዛሬ የምናውቀው የነፍስ ማዳን ሥራ ተወለደ። በዚያው ዓመት ኦስሙን ሌርዳል የተባለ የኖርዌይ አሻንጉሊት ሠሪ ሰዎች የሚለማመዱባት አሻንጉሊት ሠራ፤ ጥበቡም ከሐኪም ወደ ሕዝብ የሚሻገርበት ድልድይ ሆነች።

ይሁን እንጂ በመንገድ ላይ የወደቀ ሰው ወደ ሆስፒታል እስኪደርስ በማን እጅ ነበር? በ1966 ዓ.ም. የአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚ ባወጣው ዘገባ በ1965 ዓ.ም. ብቻ 107,000 ሰዎች በአደጋ እንደ ሞቱ፣ ከአገሪቱ የአምቡላንስ አገልግሎት ግማሽ ያህሉም በቀብር ድርጅቶች እጅ እንደ ነበረ ገለጸ። ሕመምተኛውና አስከሬኑ በአንድ መኪና ይሄዱ ነበር ማለት ነው። በፒትስበርግ ከተማ ደግሞ ሕሙማንን የሚያነሣው ፖሊስ ሲሆን፣ ከኋላ አስተኝተው ከመንዳት በቀር ሌላ ሥራ አልነበረም። በዚያ ዓመት የቀድሞው የፔንሲልቬንያ አገረ ገዥ ዴቪድ ሎውረንስ በፒትስበርግ በስብሰባ ላይ ሳሉ ወድቀው በዚህ ዓይነት ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ፤ ልባቸው ቢመለስም አንጎላቸው ተጎድቶ ነበርና ከሁለት ሳምንት ጥቂት ከፍ ካለ ጊዜ በኋላ ሞቱ። በዚያው ዓመት የዶክተር ሳፋር ሴት ልጅ በአስም በሽታ ታፍና ሞተች። የዓለምን ሕዝብ እስትንፋስ መስጠት ያስተማረው አባት ለልጁ አልደረሰላትም። ሐዘኑን ግን ወደ ሥራ ለወጠው።

በ1967 ዓ.ም. ፍሪደም ሃውስ፣ ማለት የነጻነት ቤት፣ የተባለ ድርጅት ከዶክተር ሳፋር ጋር ተባብሮ ሂል በተባለው የፒትስበርግ ጥቁሮች ሰፈር የአምቡላንስ ሥራ እንዲጀመር አደረገ። ለሥልጠናው የተመረጡት የዚያው ሰፈር ወጣቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ሥራ የሌላቸው፣ ከፊሎቹም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያልጨረሱ ናቸው ተብሎ ከሥራ ሁሉ ተገፍተው የቆዩ ነበሩ። ወደ 300 ሰዓት የሚደርስ ትምህርት ተሰጣቸው፤ መንጋጋን ማንሣት፣ ጭንብልን ፊት ላይ አጥብቆ ይዞ ከረጢት መጨመቅ፣ የጉሮሮን ፈሳሽ መምጠጥ፣ ደም ማቆም፣ በመጨረሻም እንደ ሰመመን ሐኪም ቱቦ ማስገባት ተማሩ። በ1968 ዓ.ም. በሁለት መኪናዎች ሥራ ጀመሩ። በመጀመሪያው ዓመት ወደ 200 የሚሆኑ ሰዎች በእነርሱ እጅ እንደ ዳኑ በታሪካቸው ይነገራል። ከእነርሱ አንዱ የነበረው ጆን ሙን ከሆስፒታል ውጭ በሕመምተኛ የአየር ቧንቧ ቱቦ ካስገቡት የመጀመሪያዎቹ የአገሪቱ ፓራሜዲኮች መካከል ይቆጠራል።

በኋላ ናንሲ ካሮላይን የተባለች ወጣት ሐኪም የሕክምና መሪያቸው ሆና ሥራቸውን አጠናከረች። ከእነርሱ ጋር የሠራችውን ትምህርት ወደ መጽሐፍ ለወጠችው፤ መጽሐፉም በአሜሪካና በሌሎች አገሮች የፓራሜዲኮች መማሪያ ሆነ። ከተማው ግን በ1975 ዓ.ም. የራሱን አገልግሎት አቋቁሞ ፍሪደም ሃውስን ዘጋው። ሠራተኞቹ ወደ አዲሱ አገልግሎት እንዲገቡ ስምምነት ቢደረግም፣ ሌላውን ያሠለጠኑት ሰዎች ራሳቸው በአዲስ ፈተናና ከሥራ ጋር በማይስማማ ምደባ ምክንያት አንድ በአንድ ተገፍተው ወጡ። መምህሩ ከደጅ ቀረ፤ ትምህርቱ ግን ወደ ቤት ገባ። ጆን ሙን ችሎ ቆይቶ ረዳት አለቃ እስከ መሆን ደረሰ፤ በሥልጣኑም ጊዜ ጥቁሮች እንደገና ወደ ሥራው እንዲገቡ ደከመ። ዶክተር ካሮላይን በእስራኤል የማጌን ዴቪድ አዶም የሕክምና መሪ ሆና ካገለገለች በኋላ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጥታ ሠራች።

ከዚህ በኋላ የመጣው ዘመን ትሕትናን ያስተማረ ነው። ቱቦ ማስገባት እንደ ታላቅ ችሎታ ይቆጠር ስለ ነበረ፣ ቱቦ ያላስገባ ፓራሜዲክ ሥራውን ያልፈጸመ ይመስል ነበር። በ2000 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በ830 ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት ግን ቱቦ የገባላቸው በጭንብልና በከረጢት ብቻ ከተረዱት የበለጠ እንዳልዳኑ አሳየ። በ2001 ዓ.ም. በፍሎሪዳ ቱቦ ገብቶላቸው ሆስፒታል የደረሱ 108 ሕሙማን ሲመረመሩ ከአራቱ የአንዱ ቱቦ ከቦታው ውጭ ተገኘ፤ ብዙውም በምግብ ቧንቧ ውስጥ ነበር። ከዚህ የተነሣ በሚወጣው ትንፋሽ ውስጥ የተቃጠለ አየር መኖሩን የሚያሳይ መለኪያ ሳይጠቀሙ ቱቦ ማስገባት እንደ ታላቅ ስህተት መቆጠር ጀመረ። የምግብ ቧንቧ ሳያቋርጥ የተቃጠለ አየር አይመልስምና መለኪያው አይዋሽም። እንግሊዛዊው ዶክተር አርቺ ብሬን በ1981 ዓ.ም. የሞከረው፣ ማንቁርትን ከላይ የሚከድን ጭንብልም ለአምቡላንስ ሥራ ሌላ አማራጭ ከፈተ። በ2018 ዓ.ም. በእንግሊዝ ከ9,000 በሚበልጡ ልባቸው በቆመ ሕሙማን ላይ የተደረገ ታላቅ ጥናት ይህን መሰሉ መሣሪያ ከቱቦው እንደማያንስ አመለከተ።

በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በሚልዋኪ ከተማ የነፍስ አድን ሠራተኞች ልባቸው ለቆመ ሰዎች በደቂቃ 30 ጊዜ ያህል ከረጢት እንደሚጨምቁ ታወቀ፤ ቱቦ ለገባለት ጎልማሳ የሚገባው ግን 10 ጊዜ ያህል ነው። ደረቱ በአየር ሲወጠር ደም ወደ ልብ እንዳይመለስ ይከለክላል። ስለዚህ የሚያድነው ትንፋሽ ሲበዛ ገዳይ ይሆናል። ይህን ፎዘርጊል በ1745 ዓ.ም. ፈርቶት፣ ሌሮይ በ1820ዎቹ አሳይቶት ነበር። ጥበብ ብትገኝም ትረሳለች፤ የተረሳችውም እንደገና በሰው ሕይወት ዋጋ ትገዛለች።

ይህ ታሪክ ወደ አፍሪካም ደርሷል። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሳይተነፍሱ ለሚወለዱ ሕፃናት አዋላጆች በመጀመሪያይቱ ደቂቃ ውስጥ በከረጢትና በጭንብል እንዲደርሱላቸው የሚያስተምር ሥልጠና በብዙ አገሮች ተሠራጨ። በታንዛኒያ በስምንት ሆስፒታሎች የተደረገውና በ2013 ዓ.ም. የታተመው ጥናት በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሞቱት ሕፃናት ቁጥር ከመቶ 47 እንደ ቀነሰ አሳይቷል። በአገራችንም አዋላጆች ይህንኑ ይማራሉ። መሣሪያው ብዙ ዋጋ የለውም፤ ዋጋ ያለው እጅ ነው፤ ለዚያውም ዘወትር የሚለማመድ እጅ። ከረጢቱ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ የሚኖር ከሆነ ሕፃኑ በመጣ ጊዜ አይደርስለትም።

እንግዲህ የተከበራችሁ አድማጮች፣ ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮች እንማራለን። አንደኛ፤ እውነተኛ ጥበብ ተገኝታ ልትጠፋ ስለምትችል በመጽሐፍ መጻፏ ብቻ አይበቃም፤ በየትውልዱ እጅ መለማመድ አለባት። ሁለተኛ፤ መሣሪያ ቢራቀቅም የመጀመሪያው ሥራ ያው ቀላሉ ነው፤ መንገዱን መክፈት፣ በልክ ማስተንፈስ፣ ደረቱ ከፍ ማለቱን በዐይን ማየት። ሦስተኛና ከሁሉ የሚበልጠው፤ ይህ ጥበብ በተማረ ሁሉ እጅ ይሠራል። የኮፐንሃገን ተማሪዎች፣ የባልቲሞር ተራ ሰዎች፣ የፒትስበርግ የተገፉ ወጣቶች፣ የአፍሪካ አዋላጆች ሁሉ ምስክሮች ናቸው። ሰውን ከጥበቡ የከለከለ አገር ራሱን ይጎዳል፤ የፒትስበርግ ከተማም መምህሮቹን በገፋ ጊዜ ያጣው ሌላውን ሳይሆን የራሱን ሕዝብ ጠባቂ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዳችን ልንሠራው የምንችለው ነገር አለ። ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው ስናይ በፍጥነት እርዳታ እንጥራ። ራሱን ወደ ኋላ አዘንብለን አገጩን እናንሣ፤ አንገቱ መጎዳቱን ከጠረጠርን ግን ራሱን ሳናዘነብል መንጋጋውን ብቻ ወደ ፊት እንግፋ። የማይተነፍስና የማይንቀሳቀስ ከሆነ የደረቱን መካከል በኃይልና ሳናቋርጥ እንጫን፤ ውሃ ለበላውና ለሕፃን ደግሞ ትንፋሽ መስጠትን አንርሳ። ይህን ሁሉ ከሚያውቅ ሰው ዘንድ በተግባር መማር ይገባናል፤ በአደጋው ሰዓት የሚታወሰው እጅ የተለማመደው ነውና። በየትምህርት ቤቱ፣ በየፋብሪካው፣ በየእድሩና በየመኪና ማቆሚያው አንድ ሁለት ሰው ይህን ያወቀ እንደሆነ፣ ሐኪም እስኪደርስ ያለችው አጭር ደቂቃ ባዶ ሆና አታልፍም።

ቶሳክ የነፋው ትንፋሽ አንድ የከሰል ሠራተኛን ብቻ አዳነ። ትምህርቱ በወቅቱ ተይዞ ቢሆን ኖሮ በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ ስንቱን ባዳነ ነበር። በእኛ ዘመን ያለውን ትምህርት የመያዝ አደራ የእኛው ነው።